ሁሉም ቃጠሎ ይባላል፤ እርዳታው ግን ለየቅል ነው

የሥራ_ደህንነት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ቦታ ላይ የሚለጠፍ የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ቦታው ማብሰያ ክፍል፣ የእንፋሎት ቦይለር፣ የብየዳ ክፍልና የጽዳት ኬሚካል መጋዘን አለው፤ ደጅ ፀሐይ ላይ የሚውሉ ሠራተኞችም አሉ። ረቂቁ ላይ «ቃጠሎ» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ውስጡ «ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ ቅባት መቀባት፣ ሐኪም ዘንድ መውሰድ» ይላል። ይህ ለፈላ ውሃም፣ ለአሲድም፣ ለኤሌክትሪክም ይበቃል? መለየት ካለበትስ በምን ይለይ? ውሃው ለስንት ደቂቃ ይፍሰስ? በረዶስ ይፈቀዳል? ውሃ የቋጠረው ይፈንዳ ወይስ ይተው? ከተቻለ በቁጥር ንገሩኝ፤ «ለበቂ ጊዜ» የሚል መመሪያ ለደነገጠ ሰው አይጠቅምም።

የቁስል_ነርስ፦
መለየት አለበት። ነገር ግን አሥር ቦታ ከከፋፈላችሁት የሚያነበው አይኖርም። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ቆዳውን የጎዳው ምንድን ነው? ሙቀት ከሆነ ማቀዝቀዝ ነው። ኬሚካል ከሆነ ማጠብ ነው፤ ሁለቱም በውሃ ቢሆኑም ሥራውም ሰዓቱም ይለያያል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሰውየውን ከመንካት በፊት ኃይሉን መቁረጥ ይቀድማል። ፀሐይና ብርድ የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

በሙቀት የመጣውን ልንገራችሁ። ሰዓቱ 20 ደቂቃ ነው። የሚወርድ የቧንቧ ውሃ ይሁን፤ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ8 እስከ 25 ያለውም ይሠራል። ወዲያው መጀመር ነው ትልቁ ነገር፤ ቢዘገይም ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሰዓት እስካላለፈ ድረስ ጥቅም አለው። መኪና እስኪመጣ ዝም ብሎ ከመጠበቅ እየጠበቁ ማቀዝቀዝ ነው።

ለምን ይህን ያህል? ፈላ ውሃው ከተነሳ በኋላም ቆዳው ውስጥ የገባው ሙቀት ወደ ታች መውረዱን አያቆምም። በዚያ ላይ ቁስሉ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጃክሰን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ቃጠሎን በሦስት ቀጠና ከፍሎታል። መሃሉ የሞተ ነው፣ አይመለስም። ጠርዙ የቀላ ብቻ ነው፣ በራሱ ይድናል። በሁለቱ መካከል ደም በደንብ የማይደርሰው፣ ሊተርፍም ሊሞትም የሚችል ሥጋ አለ። ያ ሃያ ደቂቃ የሚፈሰው ለእሱ ነው። እሱ ከተረፈ በሁለት ሳምንት የሚድን ቁስል ይሆናል፤ ከሞተ ጤነኛ ቆዳ ከሌላ ቦታ ወስዶ መትከል ያስፈልጋል።

ረቂቃችሁ ላይ ያለው «ቅባት» ይሰረዝ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሁሉም አንድ ናቸው፦ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ጀርም ያስገባሉ፣ ሐኪሙም የቁስሉን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍናሉ። እሱን ለመጥረግ ደግሞ የተጎዳውን ቆዳ ማሸት ግድ ይሆናል።

ውሃው እየፈሰሰ ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ ቀበቶና ጫማ ይውለቅ፤ እብጠቱ ከጀመረ በኋላ ቀለበት የሚወጣው በመቁረጥ ነው። ልብስም ይውለቅ፤ ሙቅ ፈሳሽ የጠጣ ጨርቅ ማቃጠሉን ይቀጥላልና። ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትላጡት፣ ዙሪያውን በመቀስ ቁረጡት።

ከዚያ በስስ የፕላስቲክ መጠቅለያ ይሸፈን። የጥቅሉን የመጀመሪያ ዙር ጥላችሁ ቀጣዩን ተጠቀሙ። በቁራጭ አንጥፉት እንጂ ክንድ ላይ አትጠምጥሙት፤ እብጠቱ ሲጨምር ደም ያግዳል። ፊት ላይ ፕላስቲክ አይደረግም።

ማብሰያ_ክፍል፦
የእኛ ሰዎች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ በረዶ ነው። ሕመሙን ቶሎ ያደነዝዛል። ለምን ይከለከላል?

የቁስል_ነርስ፦
ማደንዘዙ እውነት ነው። ነገር ግን የቆዳውን ደም ሥሮች ያጠባል፤ ያ ሊተርፍ የሚችለው መካከለኛ ቀጠና ደም በሚፈልግበት ሰዓት ደም ይነፈገዋል ማለት ነው። በረዶ ቆዳ ላይ ሲቆይ ራሱም ያቆስላል፣ በተቃጠለው ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

ሁለተኛው አደጋ የመላ ሰውነት መቀዝቀዝ ነው። የተቃጠለ ቆዳ ሙቀት መያዝ አይችልም። ቁስሉ ሰፊ ሲሆን ወይም ተጎጂው ሕፃን ሲሆን የተቃጠለውን ክፍል ብቻ አቀዝቅዙ፣ የቀረውን ሰውነት በብርድ ልብስ ሸፍኑ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ውሃውን አቁማችሁ አሙቁት። ሰውየውን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ገንዳ መንከር አይገባም።

ሙቀት_መሐንዲስ፦
በቁጥር ተብሏልና ስለ ሙቀቱ ራሱ ልጨምር። ቆዳን የሚያቃጥለው የዲግሪውና የጊዜው ድምር ውጤት ነው። ሞሪትዝና ሄንሪክስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጡት ሥራ ዛሬም የደህንነት ደንቦች መነሻ ነው። 44 ዲግሪ ላይ ቆዳ የሚጎዳው በ6 ሰዓት ገደማ ነው። 49 ላይ ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ፣ 55 ላይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ 60 ላይ 5 ሰከንድ ገደማ፣ 70 ላይ ደግሞ 1 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ይህ ለጤነኛ አዋቂ ቆዳ ነው፤ የሕፃናትና የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ ጊዜው ከዚህ ያጥራል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር የውሃ ማሞቂያው ነው። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ታንኩ ውስጥ ውሃው 60 ዲግሪ ይያዛል፤ ቧንቧው ጫፍ ላይ ግን ከ49 እንዳይበልጥ ማደባለቂያ ቫልቭ ይገጠማል። ታንኩን ዝቅ አድርጎ ሁለቱንም ለማግኘት መሞከር ባክቴሪያውን መጋበዝ ነው።

እንፋሎት ለብቻው መጻፍ አለበት። 1 ኪሎ ውሃ ከ100 ወደ 37 ዲግሪ ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት 264 ኪሎጁል ገደማ ነው። 1 ኪሎ እንፋሎት ግን ቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲለወጥ ብቻ 2260 ኪሎጁል ያህል ይለቃል፣ ከዚያ የተፈጠረው ውሃ ደግሞ ያንን 264 ይጨምርበታል። ድምሩ የፈላውን ውሃ ዘጠኝ ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ቦይለር ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ በግፊት የሚወጣ ደረቅ እንፋሎት አይታይም። ነጩ ጉም የሚታየው ቀዝቅዞ ጠብታ መሆን ከጀመረበት ርቀት ላይ ነው፤ ቀዳዳው አጠገብ ያለው ባዶ የሚመስል ቦታ ነው አደገኛው። ስለዚህ የሚያፈስ ቦታ በእጅ ዳብሶ አይፈለግም። ማብሰያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ክዳን ሲነሳ ከፊት በኩል ሳይሆን ከወዲያኛው ጠርዝ ይነሳ፤ እንፋሎቱ ከእናንተ ርቆ ይውጣ።

የመጥበሻ ዘይት ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ይደርሳል፤ ወፍራም ስለሆነ ተጣብቆ ይቆያል፣ እንደ ውሃ ተኖ አይሄድም። በእሳት ከተያያዘ ውሃ ፈጽሞ አይጨመርበትም። ውሃው ከዘይቱ በታች ይሰምጥና በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1700 ጊዜ ያህል ያድጋል፣ የሚነደውን ዘይት ይዞ ይፈነዳል። ምድጃውን ማጥፋት፣ በብረት ክዳን መክደን፣ ሳይከፍቱ እስኪቀዘቅዝ መተው። ድስቱን ተሸክሞ ወደ ውጭ መሮጥም ክልክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እርጥብ ጨርቅ ለትኩስ ብረት መያዣ አይሆንም። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። ደረቁ ጨርቅ የሚከላከለው በውስጡ ባለው አየር ነው፤ ሲረጥብ አየሩ በውሃ ይተካል።

ኬሚስት፦
የኬሚካሉን ሳጥን በቀይ ጻፉት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ነው። አሲድ ሲነካ ፕሮቲኑን ያረጋዋል፣ የረጋው ንብርብር በከፊል እንደ ግድግዳ ሆኖ አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግዳል። ኮስቲክ ሶዳን የመሰሉ አልካሊዎች (የአሲድ ተቃራኒ የሆኑት ቤዞች) ግን ስቡን ወደ ሳሙና ይለውጡታል፣ ሥጋውን ያሟሙታል፣ ስለዚህ ወደ ታች መዝለቃቸው አይቆምም። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ትንሽ ስለሆነ ይናቃል። በጣም የምፈራው የፍሳሽ መክፈቻና የምድጃ ማጽጃ ኬሚካል ነው።

እጥበቱ ለአሲድ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ለአልካሊ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ሲያልቅ አሲድነትንና አልካሊነትን በሚያሳየው በፒኤች ወረቀት ይለካል፤ ውሃው እንደቆመ ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ፣ ምክንያቱም ቆዳው ውስጥ የቀረው ኬሚካል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ፒኤቹ ካልተስተካከለ እንደገና መታጠብ ነው። ልብሱ ውሃው ከላይ እየፈሰሰ ይውለቅ፣ የሚረዳውም ሰው ጓንትና መነጽር ያድርግ። ታጥቦ የሚወርደው ውሃ በጤነኛ ቆዳ ላይ እንዳይሄድ አቅጣጫው ይታሰብበት። አንድ ዓይን ብቻ ከተነካ ጭንቅላቱ ወደዚያ ጎን ያዘንብል፤ የተጎዳው ዓይን ከታች ሆኖ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይታጠብ፣ የዓይን ቆብ በጣት ተከፍቶ። ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) ካለ ውሃው እየፈሰሰ ይውጣ።

ዱቄት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ደረቅ ኖራ ውሃ ሲነካው ይግላል፤ መጀመሪያ በብሩሽ ወይም በጨርቅ ማራገፍ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብ። ሶዲየምና ፖታሲየም ብረቶች ደግሞ ከውሃ ጋር ስለሚቀጣጠሉ ውሃ አይፈስባቸውም፤ በማዕድን ዘይት ተሸፍነው ቁርጥራጩ በመቆንጠጫ ይለቀማል።

እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 እስከ 13 ነው። ጫማ ወይም ጓንት ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ሲቆይ ያለ ምንም ሕመም ቆዳውን ይበላል። ሰውየው የሚያውቀው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጉዳቱ ጥልቅ ሆኗል። ጉልበት ላይ ተንበርክኮ መሥራትም እንዲሁ ነው።

የመጨረሻው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። በአንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያዎችና የመስታወት መፋቂያዎች ውስጥ አለ። ሲነካ ላይታወቅ ይችላል፤ ቀጭን ከሆነ ሕመሙ እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። የሚገድለው በቃጠሎው ስፋት ሳይሆን የደምን ካልሲየም እየያዘ ልብን ስለሚያውክ ነው። መጋዘናችሁ ውስጥ ይህ አሲድ ካለ 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገቡ ይቀመጥ፤ ጄሉ ከሌለ አሲዱም አይግባ ባይ ነኝ።

ማብሰያ_ክፍል፦
አልካሊ ላይ ኮምጣጤ ቢደረግ አይከሽፍም? ትምህርት ቤት የተማርነው አሲድና ቤዝ እርስ በርስ እንደሚገዳደሉ ነው።

ኬሚስት፦
ብርጭቆ ውስጥ ይከሽፋል። ቆዳ ላይ ግን ሦስት ችግር አለው። ውህደቱ ሙቀት ይለቃል፣ በኬሚካል ላይ የሙቀት ቃጠሎ ይደረብበታል። መጠኑን ማንም አይለካም፣ ስለዚህ የተረፈው ሌላ ጉዳት ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ኮምጣጤ ፍለጋ የሚባክነው ደቂቃ ነው። ውሃ ግን ኬሚካሉን ያቀጥናል፣ ያጥባል፣ ሙቀቱንም ይወስዳል፤ ቧንቧው ደግሞ እዚያው ነው። እግረ መንገዴን፦ በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር በአንድ መደርደሪያ አታስቀምጡ፤ ከተደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ኤሌክትሪክ_ጥገና፦
የኤሌክትሪክ ቃጠሎ በዓይን ሲታይ ያታልላል። በመግቢያና በመውጫው ላይ ሳንቲም የምታህል ጠባሳ ብትታይም በመካከሉ ያለው ጡንቻ፣ ነርቭና ደም ሥር ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ናት» ተብሎ ሰው ወደ ሥራ አይመለስም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ቆጣሪ ወይም ሰርኪት ብሬከር አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለና መስመሩ የቤት ኃይል ከሆነ ደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ተጠቅሞ ሽቦውን መለየት ይቻላል። ከፍተኛ ኃይል ከሆነ ግን እንጨትም አያስጥልም፤ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ማንም አይጠጋ፣ መሬቱ ራሱ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ይተነፍሳል ወይ? ልቡ ይመታል ወይ? ካልሆነ ደረቱን መጫን ይቀድማል፣ ቃጠሎው በኋላ ይደርሳል። ሐኪም ቤት የልብ ምት ምርመራ ያስፈልገዋል። ሽንቱ ጠቁሮ እንደ ሻይ ከሆነ የተቃጠለው ጡንቻ ቀለም ኩላሊቱን እየዘጋ ነው ማለት ነው።

የአርክ ብልጭታ ሌላ ነው። ኤሌክትሪኩ በሰውየው ውስጥ ሳያልፍ ብልጭታው ብቻ ያቃጥላል፤ ሙቀቱ ወደ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል። ይህ እንደ እሳት ቃጠሎ ይታያል፣ በውሃ ይቀዘቅዛል። ናይሎንና ፖሊስተር ልብስ ለዚህ ሥራ አይለበስም፤ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ድንገተኛ_ክፍል፦
የቁስሉን ክብደት መለየት በሁለት ነገር ነው፦ በጥልቀትና በስፋት።

በጥልቀት። የላይኛው ቆዳ ብቻ ከተነካ ቀይ፣ ደረቅ፣ የሚያም ይሆናል፤ ውሃ አይቋጥርም፣ በሳምንት ውስጥ ይድናል። ወደ ውስጠኛው ቆዳ ላይኛ ክፍል ሲዘልቅ ውሃ ይቋጥራል፣ ሥሩ ሮዝና እርጥብ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ይነጣና ቶሎ ይቀላል፣ በጣም ያማል፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ጠልቆ ሲሄድ ዥጉርጉር ይሆናል፣ ቀይና ነጭ፤ ሲጫኑት ቶሎ አይመለስም፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ከ3 ሳምንት በላይ የሚወስድ ቁስል ጠባሳ ይጥላል፣ ብዙ ጊዜም የቆዳ ንቅለ ተከላ ይፈልጋል። ሙሉ ቆዳው ከተቃጠለ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ እንደ ለፋ ቆዳ ደረቅ ሲሆን ነርቮቹ ስለሞቱ አያምም። ይህንን በትልቁ ጻፉት፦ ያላመመ ቃጠሎ ቀላል ቃጠሎ አይደለም። ጥልቀቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አይለይም፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለወጣል፣ እንደገና መታየት አለበት።

በስፋት። የተጎጂው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። ለትልቅ ቃጠሎ የዘጠኝ ደንብ አለ፦ ጭንቅላትና አንገት 9፣ እያንዳንዱ ክንድ 9፣ ደረትና ሆድ 18፣ ጀርባ 18፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ ብልት አካባቢ 1። ይህ ለአዋቂ ነው፤ ሕፃን ላይ ጭንቅላቱ ወደ 18 ይጠጋል፣ እግሮቹ እያንዳንዳቸው 14 ያህል ናቸው። የቀላ ብቻ ቆዳ አይቆጠርም። እሱን ቆጥሮ መቶኛውን ማጋነን በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ስፋቱ የሚያስፈልገው ለፈሳሹ ስሌት ነው። ሰፊ ቃጠሎ ላይ ደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ ሰውየው ሳይደማ ፈሳሹ ያልቅበታል። የፓርክላንድ ቀመር 4 ሚሊ ሊትር በሰውየው ኪሎና በተቃጠለው መቶኛ ይባዛ ይላል። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሰው 8400 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት የተባለ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በ24 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ግማሹ፣ 4200፣ በመጀመሪያው 8 ሰዓት። ስምንቱ ሰዓት የሚቆጠረው ሐኪም ቤት ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ነው። 2 ሰዓት ዘግይቶ ከመጣ 6 ሰዓት ቀርቶታል፣ በሰዓት 700 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አሁን ለአዋቂዎች ብዙዎች በ2 ሚሊ ሊትር ይጀምሩና በሽንቱ መጠን ያስተካክላሉ፤ ዒላማው በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው፣ ለዚህ ሰው 35። ከመጠን ያለፈ ፈሳሽም ሳንባንና ሆድን ያሳብጣል። ለእናንተ መመሪያ ከዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የተቃጠለበት ሰዓት ተጽፎ ከሰውየው ጋር ይላክ።

በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱት፦ በአዋቂ ከ10 በመቶ፣ በሕፃን ከ5 በመቶ በላይ፤ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ የደረሰ፤ ክንድን ወይም ደረትን ዞሮ የከበበ፤ ኬሚካልና ኤሌክትሪክ ሁሉ፤ ጭስ የገባበት ሰው።

የሥራ_ደህንነት፦
ጭስ ያልከውን ግልጽ አድርግልኝ። ቆዳው ምንም ያልሆነ ሰውስ?

ድንገተኛ_ክፍል፦
እሱ ነው የሚያስፈራው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ እሳት ከነበረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ የአፍንጫ ፀጉሩ ከተለበለበ፣ አክታው ጥላሸት ካለው የመተንፈሻ ቱቦው ተቃጥሏል ብላችሁ ውሰዱት። እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ይዘጋዋል፤ አሁን ማውራቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አይተኛ።

ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ደምን ይይዛል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን መለየት ስለማይችል 98 በመቶ እያሳየ ሰውየው ሊሞት ይችላል። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደሙ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በንጹህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ያለበት ሰው ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ቆዳና_ፀሐይ፦
የፀሐዩን እኔ ልያዘው። የፀሐይ ቃጠሎ ከሙቀት አይመጣም። የሚጎዳው የአልትራቫዮሌት ጨረር፣ በተለይ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው፣ የሴሎቹን ዲኤንኤ ሲያበላሽ ነው። ስለዚህ ደመናማና ነፋሻማ ቀንም ያቃጥላል፤ ሰውየው ስላልሞቀው ጥላ አይፈልግም። ጠቆር ያለ ቆዳ የበለጠ ይቋቋማል እንጂ አያመልጥም፣ መቅላቱም ስለማይታይበት ሕመሙና ትኩሳቱ ናቸው ምልክቱ። ቆዳው መጎዳቱ የሚታወቀው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ይከብዳል። «ሲቀላ እገባለሁ» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከባሕር ወለል በ1000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመከላከያ ክሬም ቁጥር የሚለካው በስኩዌር ሴንቲሜትር 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው፤ ሰው የሚቀባው ብዙ ጊዜ ከዚያ ግማሽ በታች ነው፣ ስለዚህ 30 የሚለው ቆዳው ላይ 30 አይሆንም። በየ2 ሰዓቱ ይደገም፣ ላብ ካለ ቶሎ ቶሎ። እርዳታው ጥላ፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ጨርቅ፣ ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ኢቡፕሮፌን መውሰድ ለሚችል እሱ። ቤንዞኬይን ያለበት ማደንዘዣ ቅባት አለርጂ ስለሚያስነሳ ይቅር።

ለብየዳው ክፍል፦ ያው ጨረር ዓይንንም ያቃጥላል። ያለ መከለያ የተመለከተ ሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን አይችልም። በ1 ወይም 2 ቀን ይድናል፣ ግን ሐኪም ይየው፤ የብረት ቅንጣት ገብቶ ሊሆን ይችላል። የማደንዘዣ ጠብታ ወደ ቤት አይሰጥም፣ የዓይኑን መዳን ያዘገያል። በያጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የቆመው ረዳትም መከለያ ያስፈልገዋል።

ብርድ_ክፍል፦
ማቀዝቀዣ ክፍል ካላችሁ የብርድ ቃጠሎንም ጨምሩ። ስሙ ቃጠሎ ቢሆንም እርዳታው የሙቀቱ ተቃራኒ ነው። ነጭ ሆኖ የደነዘዘው ጣት ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ውሃ ለ30 ደቂቃ ያህል ይነከር፤ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ በቴርሞሜትር እየተለካ ይጨመርበት። አይታሽም፣ በምድጃ አጠገብም አይሞቅም፤ ስለደነዘዘ ሲቃጠል አይሰማውም። ተመልሶ የሚበርድ ከሆነ ደግሞ ባይቀልጥ ይሻላል፤ ቀልጦ እንደገና መርጋት ጉዳቱን ያብሰዋል።

ማብሰያ_ክፍል፦
ውሃ የቋጠረው ይፈንዳ ወይስ ይተው የሚለውን እስካሁን የመለሰ የለም።

የቁስል_ነርስ፦
ትንሽ ከሆነ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች፣ ይተው፤ የራሱ ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ ይሻላል። ትልቅ፣ የተወጠረ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያለ ከሆነ በንጹህ መሣሪያ በባለሙያ ይከፈት። ሥራ ቦታ ላይ ማንም አያፈንዳ። የፈነዳው ግን በንጹህ ውሃና በቀላል ሳሙና ታጥቦ በማይጣበቅ ፋሻ ይሸፈን፤ ደረቅ ጎዝ በቀጥታ አይደረግበት፣ ሲነሳ አዲሱን ቆዳ ይዞ ይነሳል። ነጩ የብር ክሬም፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን፣ ድሮ ለሁሉም ይሰጥ ነበር፤ ለቀላል ቃጠሎ መዳንን ስለሚያዘገይ ዛሬ አይመረጥም። ቀጥሎ የቴታነስ ክትባቱ ይታይ። ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ቀንሶ የነበረው ሕመም ከተመለሰ ተመርቅዟል።

ፊዚዮ፦
ከዳነ በኋላ ያለውን ሁሉም ይረሳዋል። ቁስሉ ሲዘጋ ጠባሳው መሥራት ይጀምራል እንጂ አያልቅም፤ ከ12 እስከ 18 ወር ይለወጣል። በዚያ ጊዜ ይኮማተራል። ተጎጂው የሚመቸው አጣጥፎ መያዝ ነው፣ ጠባሳው ደግሞ በዚያው ቅርጽ ይቆልፈዋል። አንገት ከተቃጠለ ትራስ አይደረግ፤ ብብት ከሆነ ክንዱ ከሰውነት ተለይቶ ይያዝ። የእጅ ጀርባ ከሆነ አንጓው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ላይ፣ የጣት ሥሮች ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ታጥፈው፣ ጣቶቹ ቀጥ ብለው በስፕሊንት (ቅርጽ በሚይዝ ደጋፊ) ይታሰሩ፤ ጣቶቹም በየተናጠል ይጠቅለሉ፣ አለዚያ ይጣበቃሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ እንቅስቃሴው ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። የሲሊኮን ሽፋን በቀን ከ12 ሰዓት በላይ፣ የግፊት ልብስ 23 ሰዓት። አዲሱ ቆዳ ቢያንስ አንድ ዓመት ከፀሐይ ይጠበቅ፣ ዘይት እጢው ስለሞተም በየቀኑ ያለ ሽቶ ቅባት ይታሽ። አዎ፣ ቅባት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላም በአሮጌ ጠባሳ ላይ የማይድን ቁስል ከወጣ ናሙና ይወሰድ፤ ማርዦሊን ቁስል የሚባለው ካንሰር እንዲህ ነው የሚጀምረው።

የሥራ_ደህንነት፦
ሳጥኑን በአምስት ከፍለነዋል፤ ቅባቱ ወጥቷል፣ የሰዓት መጻፊያ መስመር ገብቷል። የቀረን ውሃው ነው። ኬሚካል መጋዘኑ ውስጥ ቧንቧ የለም፣ ቅርቡ በሁለት በር በኩል ነው። 5 ሊትር የዓይን ማጠቢያ ጠርሙስ ብናስቀምጥ?

ኬሚስት፦
አይበቃም። የዓይን ማጠቢያ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ መስጠት አለበት፤ ይህ ብቻ 22 ሊትር ተኩል ነው። የመላ ሰውነት ሻወር ደግሞ በደቂቃ 76 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፣ ለ15 ደቂቃ ከ1100 ሊትር በላይ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከዋናው መስመር ይሳብ። ቦታው ከአደጋው ሥፍራ በ10 ሰከንድ የሚደረስ ይሁን፣ በመካከሉ በር አይኑር፤ ዓይኑ የተነካ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው። የውሃው ሙቀት ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ማንም 15 ደቂቃ አይቆምበትም። ጠርሙሱን ወደ ሻወሩ እስኪደረስ ድረስ መሸጋገሪያ አድርጋችሁ ያዙት፣ ማብቂያ ቀኑን እያያችሁ። ቫልቩ በሳምንት አንድ ጊዜ ይከፈት፤ ቱቦው ውስጥ የቆየው ዝገትና ደለል ወጥቶ ውሃው እስኪጠራ ይፍሰስ፣ የከፈተውም ሰው ካርዱ ላይ ቀኑን ይጻፍ።